ሰጎን ምን ትብላ? መቼ? ስንት?

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርዕሳችን የሰጎን መኖ ነው። የአጥሩን፣ የጥላውን፣ የቆዳና የላባ ገበያውን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየዋለን። በሰጎን እርባታ ከሚወጣው ወጪ አብዛኛው፣ በተለምዶ ከመቶው 70 ወይም ከዚያ በላይ፣ የሚሄደው ለመኖ ነው። እርባታውን የሚጥለው ችግርም ሲመረመር ብዙውን ጊዜ መነሻው መመገቢያው ላይ ይገኛል። እግሯ የተጣመመ ጫጩት፣ ሆዷ የተደፈነ ታዳጊ፣ በወቅቱ መጣል ያቆመች እናት፤ የሦስቱም ጣጣ የሚጀምረው ከሚበሉት ነው።

ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የምንወስደው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከኦውትስሆርን ከተማና በዙሪያዋ ካለው ክላይን ካሩ ከሚባለው ደረቅ ሸለቆ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰጎን በአጥር ውስጥ ለገበያ መርባት የጀመረችው በ1860ዎቹ በዚያው አገር ነው፤ በ1869 አርተር ዳግላስ የተባለ ገበሬ ማስፈልፈያ መሣሪያ ሠራላት፤ በ1913 የሰጎን ላባ ከወርቅ፣ ከአልማዝና ከሱፍ ቀጥሎ የአገሪቱ አራተኛ የወጪ ንግድ ሸቀጥ ነበር። በዓመቱ ገበያው ወደቀ። ስለ ላባው ዘመን ሲወራ ባለላባ ባርኔጣዎቹና በአካባቢው የተሠሩት ትልልቅ ቤቶች ይነሳሉ እንጂ ያ ሁሉ ሀብት የቆመበት ተክል እምብዛም አይጠራም። ተክሉ ለእንስሳት መኖ የሚዘራው አልፋልፋ ነው። ወንዝ ጠልፈው በመስኖ አልፋልፋ ባያለሙ ኖሮ በዚያ ደረቅ ሸለቆ ያን ያህል ወፍ ማኖር አይታሰብም ነበር። ሣር እየበላ ስጋና ላባ የሚሠራ ወፍ እንዴት ያለ ነው? ጉዳዩን ከአንጀቷ እንጀምር።

ዶሮ የለቀመችውን እህል መጀመሪያ የምታጠራቅምበት ከረጢት አንገቷ ሥር አለ። ሰጎን ይህ ከረጢት የላትም። የዋጠችው ጉርሻ እየተንከባለለ በረጅም አንገቷ ሲወርድ ከውጭ በዓይን ይታያል፤ በቀጥታ የሚገባውም አሲድና ኢንዛይም ወደሚያመነጨው የመጀመሪያው ጨጓራ ነው። ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ጨጓራ ወፍራም ጡንቻ ሲሆን፣ ጥርስ የሌላት ወፍ የምታደቀው እዚያ ነው፤ የሚያደቀውም የዋጠችው ጠጠር ነው። ከዚህ ወደ አንጀት የሚያስወጣው በር ጠባብ ነው። ይህን ጠባብ በር ያዙልኝ፤ ስለ ሆድ መደፈን ስናወራ እንመለስበታለን።

ትልቁ ልዩነት ግን ከዚያ ወዲያ ነው። የዶሮ ደንዳኔ በጣም አጭር ነው። የሰጎን ደንዳኔ ግን ከጠቅላላ አንጀቷ ርዝመት ከግማሽ በላይ ይይዛል። በዚህ ረጅም ቦይ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕዋሳት የሣሩን ቃጫ ያብላሉታል፤ ከመብላላቱ የሚገኙትን አሲዶች አንጀቷ መጥጦ ጉልበት ያደርጋቸዋል። መኖው ሆዷ ውስጥ ሁለት ቀን ገደማ ይቆያል። በዚህ ረገድ አዋቂ ሰጎን ከዶሮ ይልቅ ለፈረስና ለአህያ ትቀርባለች። ልዩነቱ በቁጥርም ተለክቷል። አንድ ኪሎ የደረቀ አልፋልፋ ለአውራ ዶሮ የሚሰጠው ጉልበት 4 ሜጋጁል ያህል ሲሆን፣ ለአዋቂ ሰጎን 9 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣታል፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በቆሎ ላይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ የዶሮ መኖ ሰንጠረዥ ይዞ ለአዋቂ ሰጎን የሚቀምም ሰው የአልፋልፋውን ጉልበት አሳንሶ ይገምታል፣ ጉድለቱን በእህል ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ በስብ የተሞላች ወፍና ወፍራም የመኖ ሒሳብ ይታቀፋል።

የዛሬው ዋናው ነጥብ ይኸውና፦ ይህ ሁሉ የአዋቂዋ ችሎታ ነው፤ ጫጩቷ የላትም። የሦስት ሳምንት ጫጩት ከምትውጠው ቃጫ ከመቶው አሥር እንኳ አትፈጭም። በአሥር ሳምንቷ ግማሹን ያህል፣ በአራት ወሯ ደግሞ ወደ 60 ከመቶ የሚጠጋውን ትፈጫለች፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አይጨምርም። ስብም እንደዚሁ ነው፤ በሦስት ሳምንቷ ከምትበላው ስብ ግማሹን እንኳ በአግባቡ አትጠቀምበትም፣ በአራት ወሯ ግን ከመቶው 90ውን። ባጭሩ አንጀቷ በአራት ወር ውስጥ ይለወጣል፤ መኖው አብሮት ካልተለወጠ ወይ ጫጩቷ ትጎዳለች፣ ወይ ገንዘቡ ይባክናል። ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት እንነሳ። ጫጩቷ 42 ቀን ታቅፋ ስትወጣ 800 ወይም 900 ግራም ትመዝናለች። ከዚህ ክብደት ሩቡ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆዷ ውስጥ የቀረው አስኳል ነው። አስኳሉ ስንቋ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ቀናት ክብደት መቀነሷ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው አስኳሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመጥጦ አለማለቁ ነው። ብርድ የመታት ወይም እትብቷ በቆሻሻ የተመረዘ ጫጩት አስኳሏ ይቀራል፣ ሆዷ ያብጣል፣ ትሞታለች። ይህን በመኖ ማዳን አይቻልም፤ መፍትሔው ሙቀትና ንጽሕና ነው።

“አስኳሉ እስኪያልቅ አትመግቧቸው” የሚል የቆየ ልማድ አለ። እኛ አንስማማበትም። ውኃና መኖ ከመጀመሪያው ቀን ፊታቸው ይቅረብ፤ የማይበሉት አይበሉም፣ መልመድ የሚፈልጉት ግን ይለምዳሉ። የጫጩት ችግር መብላትን ከማን ትማር የሚለው ነው። በዱር ከእናትና ከአባቷ ታያለች፤ ከማስፈልፈያ ወጥታ ለብቻዋ የተቀመጠች ጫጩት ግን ምን መልቀም እንዳለባት አታውቅም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠፍጣፋ ሰፌድ የሚያህል ዝቅ ያለ ትሪ ላይ የደቀቀውን ማስጀመሪያ መኖ ስስ አድርጋችሁ በትኑ። ለጋ የአልፋልፋ ቅጠል ያለ ግንዱ በቢላ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ከትፋችሁ ከላይ ነስንሱ፤ የሰጎን ጫጩት ዓይን ከሌላው ቀለም ይልቅ አረንጓዴ ይስበዋል። ጫጩቷ ቅጠሉን ልልቀም ስትል ከሥሩ ያለውን መኖ ትቀምሳለች። ትሪውን በጣት ጫፍ መነካካት ይረዳል፤ ከዚያ የበለጠ የሚረዳው ግን መብላት የለመዱ፣ በሳምንት የሚበልጧቸው ሁለት ሦስት ጫጩቶች አብረው ማስገባት ነው። ትሪውን በቀን ሦስት አራቴ አድሱት፤ የረጠበው ይደፋ፣ ከደረቀው ጋር አይቀላቀል።

በኦውትስሆርን የአዋቂ ሰጎን ትኩስ ኩስ ለጫጩቶች የመስጠት ልማድ ነበር። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ቃጫ የሚያብላሉት ሕዋሳት ወደ ጫጩቷ የሚተላለፉት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ሕዋሳቱ ብቻቸውን አይተላለፉም፤ የአንጀት ትልና የተቅማጥ በሽታም አብሮ ይገባል። የመንጋችሁን ጤና በላቦራቶሪ ካላረጋገጣችሁ አትድፈሩት።

አሁን ወደ ቅይጡ እንምጣ። ከተፈለፈለች እስከ ሁለት ወር ላለችው የመኖው ፕሮቲን ከመቶው 21 እስከ 23፣ ጉልበቱ በኪሎ 14 ሜጋጁል ያህል ይሁን። በዚህ ጊዜ በአማካይ በቀን ከ250 እስከ 300 ግራም ትበላለች። ከሁለት እስከ አራት ወር ተኩል ፕሮቲኑ ወደ 19 ይወርዳል፤ የምትበላው ወደ 900 ግራም ይጠጋል። ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል 15 ከመቶ፣ በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ይሆናል። ከዚያ እስከ አሥር ወር 12 ከመቶ፣ ሁለት ኪሎ ገደማ። ለእርድ እስከምትደርስበት እስከ 12ኛው ወር 10 ከመቶ ይበቃታል፤ መጠኑ ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ልብ በሉ፦ የፕሮቲኑ ድርሻ ሲወርድ የምትበላው ይጨምራል፤ የአልፋልፋውም ድርሻ ከ10 ከመቶ ተነስቶ ከግማሽ በላይ ይሆናል።

ለሁለት ወር ተኩል ጫጩት የሚሆን የ100 ኪሎ ቅይጥ እንሥራ። የተፈጨ በቆሎ 45 ኪሎ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 25፣ የአልፋልፋ ቅጠል ዱቄት 15፣ ፉርሽካ 10፣ ዲካልሲየም ፎስፌት 2 ኪሎ ተኩል፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1 ኪሎ ተኩል፣ ጨው ግማሽ፣ የቪታሚንና የማዕድን ቅይጥ ዱቄት (ፕሪሚክስ) ግማሽ ኪሎ። ፕሮቲኑን እንደምር፤ ከበቆሎው 3.8፣ ከአኩሪ አተሩ 11.3፣ ከአልፋልፋው 2.5፣ ከፉርሽካው 1.5፤ በድምሩ 19 ኪሎ ከ100 ግራም። ካልሲየሙ 1.4 ከመቶ ይመጣል፤ ወፏ ልትጠቀምበት የምትችለው ፎስፈረስ ደግሞ ወደ 0.6። ሁለት ለአንድ ገደማ የሚሆነው ይህ ምጣኔ ነው አጥንቷን የሚያቆመው።

አኩሪ አተር ተወዶ የኑግ ፋጉሎ ለመተካት የሚያስብ ይኖራል። ለታዳጊና ለአዋቂ ይሆናል። ለጫጩት ግን የኑግ ፋጉሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ቃጫው ደግሞ ይበዛል፤ ሙሉ በሙሉ ከተተካ ፕሮቲኑ በወረቀት ላይ ሞልቶ ጫጩቷ ግን አታድግም። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የሚባል መርዝ ስላለው ለጫጩትም ለእናትም አትስጡ። የኦቾሎኒ ፋጉሎና በአግባቡ ያልደረቀ በቆሎ ሻጋታ ይይዛቸዋል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ያለበት መኖ ጉበቷን ይጨርሰዋል። ሽታው ከተለወጠ፣ ከተጋገረ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካሳየ፣ “ከደረቀው ጋር ቀላቅዬ ልጨርሰው” ማለት አያዋጣም።

ሁለት ነገሮች ግን ከሁሉም በላይ አደገኛ ስለሆኑ ረጋ ብለን እንያቸው፤ ሁለቱም የሚመጡት ከዶሮ መኖ ከረጢት ነው። የመጀመሪያው የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ነው። ለቅርፊት ተብሎ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 ከመቶ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለሰጎን ጫጩት ከሰጣችሁት ትርፉ ካልሲየም ዚንክና ማንጋኒዝ ወደ ደሟ እንዳይገቡ ያግዳል፤ ማንጋኒዝ ያነሳት ጫጩት የተረከዟ ጅማት ከቦታው ይንሸራተታል፣ እግሯም አይመለስም። ሁለተኛው የስጋ ዶሮ መኖ ነው። ፕሮቲኑ ጥሩ ስለሚመስል ሰው ይታለላል። ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የአንጀት በሽታ ለመከላከል የሚጨመሩበት ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን፣ ናራሲን፣ ማዱራማይሲን የሚባሉ መድኃኒቶች ግን ዶሮ በምትችለው መጠን ሰጎንን ይገድላሉ። ጡንቻዋን ያጠፋሉ፤ ወፏ እግሯ ይዝላል፣ ትተኛለች፣ መነሳት ያቅታታል፣ በቀናት ውስጥ ትሞታለች። ማርከሻ የለውም። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ የሚቀላቅልላችሁን ፋብሪካ ከእናንተ መኖ በፊት ማሽኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠይቁ። ሳይጸዳ ቀጣዩን የሚያስገባ ማሽን የቀደመውን መድኃኒት ይዞላችሁ ይመጣል።

ወደ እግር እንለፍ። የሰጎን ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር 25 እና 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። አጥንቱ ሳይጠነክር ሰውነቱ ከከበደ የቅልጥሟ አጥንት በራሱ ዙሪያ ይጠማዘዛል፤ ጣቷ ወደ ውጭ ይዞራል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ እግር ነው። አንዴ ከዞረ በማሰሪያም በቀዶ ሕክምናም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ለዚህ ነው ቶሎ ማወፈር ትርፍ የሚመስለው ግን ኪሳራ የሆነው። መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው መኖውን በሰዓት መወሰን ነው፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ማስቀመጥ ቀርቶ፣ በጠዋት፣ በቀትርና ከሰዓት በ20 እና 30 ደቂቃ የሚያልቅ ያህል መስጠት። ሁለተኛው ማስሮጥ ነው፤ ጠባብ ክፍል የተዘጋባት ጫጩት ምንም ብትበላ እግሯ አይጠነክርም። ረጅምና ጠባብ መውጫ ሠርታችሁ መኖውን በአንድ ጫፍ፣ ውኃውን በሌላው ጫፍ አስቀምጡ፤ ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ይውላሉ። በየሳምንቱ አሥር ጫጩት መዝኑ። በአንድ ወር 4 ኪሎ፣ በሁለት ወር 10፣ በሦስት ወር 20 ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚህ በጣም የፈጠነ ሲሆን መኖውን ቀንሱ፤ የፈጠነ ዕድገት የምሥራች አይደለም። የጣት ወደ ውስጥ መጠቅለል ካያችሁ ደግሞ የቢ-ሁለት ቪታሚን እጥረት ሊሆን ስለሚችል ፕሪሚክሱን መርምሩ፤ ጊዜው ያለፈበት ወይም ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ፕሪሚክስ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው።

አሁን ጠባቡን በር እናንሳ። የሆድ መደፈን የሰጎን እርባታ ትልቁ የቤት ሥራ ነው። ሰጎን የሚያብረቀርቅም፣ የሚንቀሳቀስም፣ የረዘመም ነገር ትውጣለች፤ ሚስማር፣ ሽቦ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ገመድ። ግን አብዛኛውን ሆድ የሚደፍነው ሚስማር ሳይሆን ራሱ መኖው ነው፦ ረጅም የአልፋልፋ ግንድ፣ ደረቅ ሣር፣ ጭድ፣ አሸዋ። ረጅሙ ቃጫ በጨጓራዋ ውስጥ እንደ ገመድ ይጎነጎናል፤ በጠባቡ በር አያልፍም። ጨጓራው ሞልቶ ወፏ ግን በረሃብ ትሞታለች። የሚደርሰውም በአንድ ዓይነት ቀን ነው፦ ወደ አዲስ ግቢ በተዛወረች ማግስት፣ አዲስ ጉዝጓዝ በተነጠፈ ማግስት፣ መኖ በዘገየበት ቀን፣ ከጓደኞቿ በተለየች ቀን። የተረበሸች ሰጎን ያገኘችውን ትለቅማለች። ስለዚህ ወደ ሣር ሜዳ የምትለቋቸው በሚገባ ካጠገባችኋቸው በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት፣ ቀስ በቀስ በሳምንት ውስጥ ለሙሉ ቀን። የጫጩት ወለል ላይ ጭድና ሰጋቱራ አይነጠፍ። አልፋልፋው ለጫጩት ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ለአዋቂ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ይከተፍ። አጥር የተሠራበት ቦታ በማግኔት ይታሰስ፤ የሽቦ ቁራጭ ጨጓራ ቀድዶ ልብ ድረስ ይገባልና።

ጠጠር የግድ ነው። በጥሩ ሜዳ ያለች አዋቂ ራሷ ትመርጣለች፤ በጨጓራዋ ከአንድ ኪሎ በላይ ጠጠር ይዛ መገኘቷ የተለመደ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ላለች ጫጩት ግን እናንተ ስጡ። መጠኑ ከጫጩቷ ትልቅ የእግር ጣት ጥፍር ግማሽ አይብለጥ። ዓይነቱ በአሲድ የማይሟሟ ጠንካራ ድንጋይ ይሁን፤ የኖራ ድንጋይ ይሟሟል፣ ጠጠር ሆኖ አያገለግልም፣ ሳይፈለግ ካልሲየም ይጨምራል። በሳምንት አንዴ ጥቂት በትኖ መስጠት ይበቃል። ሁሌ ክምር ካስቀመጣችሁ ከረሃብ ወይም ከመሰላቸት ብዛት ሆዷን በጠጠር ትሞላዋለች።

መደፈኑን ቀድሞ የሚናገረው ኩሷ ነው። ሰጎን ከዶሮ በተለየ ሽንቷንና ኩሷን ለየብቻ ታወጣለች፤ መጀመሪያ ሽንቱ፣ ቀጥሎ ኩሱ። ስለዚህ በየማለዳው ግቢውን ዞሮ ማየት ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። የጤነኛዋ ሽንት ውኃማ ሆኖ ትንሽ ነጭ ነገር አለበት፤ ኩሷ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ቅርጽ ያለው ነው። ሽንቱ ወፍሮ እንደ ሙጫ ከተጓተተ ውኃ አንሷታል። ኩሱ እንደ በግ በጠጠር መልክ፣ ትንሽና ደረቅ ሆኖ ከወጣ ጨጓራዋ መደፈን ጀምሯል። በዚህ ደረጃ ያለችውን ለይታችሁ ረጅም ቃጫ አቁሙ፣ ውኃና የፈሳሽ ፓራፊን ዘይት በእንስሳት ሐኪም ምክር ስጡ፣ አስሩጧት። መብላት አቁማ ጀርባዋ የሾለ ከሆነ ግን የሚያድናት ጨጓራን ከፍቶ ማውጣት ብቻ ነው፤ ያም የሚሳካው ቀድሞ ከተደረሰባት ነው።

ስለ ታዳጊዎቹ ብዙ አንናገርም፤ ከስድስት ወር በኋላ ሰጎን ጠንካራ ናት፣ በብልሃት የምትመግቡት ገንዘባችሁን ለማዳን ነው። አንድ ኪሎ ክብደት ለመጨመር ጫጩት ሁለት ኪሎ መኖ ሲበቃት፣ አሥር ወር ያለፋት ከአሥር ኪሎ በላይ ያስፈልጋታል። ስለዚህ 95 ወይም 100 ኪሎ የደረሰችን ወፍ ገበያ እስኪጨምር ብሎ ማቆየት ብዙ ጊዜ ሒሳቡ አይገባም። መኖ ስትለውጡ ደግሞ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውሰዱ፤ አሮጌው ሦስት እጅ አዲሱ አንድ፣ ከዚያ እኩል፣ ከዚያ በተቃራኒው። አንጀት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት በአንድ ቀን አይለወጡም፤ እነሱ ሲሞቱ የተቅማጥ ባክቴሪያ ቦታቸውን ይይዛል።

ወደ እናቶች። በየደብራችን ጉልላት ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል ዝናብና ፀሐይ ችሎ ለዓመታት የሚቆየው ቅርፊቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚወፍር ነው። ያ ቅርፊት ከየት ይመጣል? አንድ ተኩል ኪሎ ገደማ ከሚመዝን እንቁላል ቅርፊቱ አምስተኛውን ያህል፣ ማለትም 280 ግራም አካባቢ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ካልሲየሙ 110 ግራም ያህል ነው። እናቲቱ በሁለት ቀን አንዴ ትጥላለች፤ ስለዚህ በቀን 55 ግራም ካልሲየም ከሰውነቷ ይወጣል። በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል የምትበላ ከሆነና መኖው 2.7 ከመቶ ካልሲየም ካለው 67 ግራም ገደማ ታገኛለች፤ የዋጠችው ሁሉ ደሟ ውስጥ ስለማይገባ ጠባብ ነው። ለዚህ ነው የተፈጨ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ጠጠር በተለየ ዕቃ አስቀምጦ የፈለገችውን እንድትወስድ መተው የሚሻለው። መኖው ውስጥ ያለውን እስከ 4 ከመቶ ማድረስ ወንዱንም ስለሚነካ አይመከርም፤ ከአንድ ገንዳ ስለሚበሉ ትርፉ ካልሲየም የእሱን ዚንክ ያሳጣዋል፣ ዚንክ ደግሞ ለዘሩ ያስፈልገዋል። ፕሮቲኑ ለሁለቱም ከ12 እስከ 14 ከመቶ፣ ጉልበቱ በኪሎ 9 ሜጋጁል አካባቢ ይበቃል።

በኦውትስሆርን ወፎቹ በጥንድ የሚሆኑት ስምንት ወር ያህል ሲሆን አራት ወር ተለያይተው ያርፋሉ። በዕረፍቱ 10 ከመቶ ፕሮቲን ያለው፣ አብዛኛው አልፋልፋና ገለባ የሆነ መኖ በቀን ሁለት ኪሎ ይሰጣቸዋል፤ ካልሲየሙም ይቀንሳል። ጥንድ ከመሆናቸው አራት ሳምንት በፊት ወደ መራቢያ መኖ ይገባሉ። የወፈረች እናት ትንሽ ትጥላለች፣ የወፈረ ወንድ ሴቷ ላይ መውጣት ይሰንፋል፤ ዕረፍቱ ክብደት ማስተካከያ እንጂ ማወፈሪያ አይሁን። እንቁላሉ በርክቶ ሳለ ጫጩት ውስጡ ከሞተ ወይም ደካማ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ማስፈልፈያውን ብቻ አትክሰሱ፤ የእናቲቱን ቪታሚን ኢ፣ ሴሊኒየምና ቢ ቪታሚኖች ተመልከቱ። ሴሊኒየም ግን በሚለካ ሚዛን ብቻ ነው፤ በሚያስፈልገውና በሚመርዘው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው።

ውኃ ከመኖው ሁለት እጥፍ በላይ ትጠጣለች፤ በሙቀት ቀን አዋቂዋ ከአሥር ሊትር ልታልፍ ትችላለች። ፀሐይ ያሞቀውን ውኃ ትጸየፋለች፣ ውኃ ያቆመች ወፍ ደግሞ በማግስቱ መኖ ታቆማለች። ገንዳው ጥላ ሥር፣ ከመመገቢያው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ አጠገቡ ከሆነ መንቁሯ ላይ የተጣበቀው ዱቄት ውኃውን ያቦካዋል።

ከታዳሚዎች ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እንመልስ።

የመጀመሪያው፦ ኢሙም ትልቅ የማይበር ወፍ ስለሆነ ይኸው መኖ ይሆነዋል ወይ? አይሆንም። ኢሙ የሰጎንን ያህል ደንዳኔ የለውም፤ መኖውም ሆዱ ውስጥ የሚቆየው ሰዓታት እንጂ ሁለት ቀን አይደለም። ስለዚህ አልፋልፋው ይቀንሳል፣ እህሉና ፋጉሎው ይጨምራል። ሌላም ልዩነት አለ፤ የኢሙ ወንድ እንቁላል ታቅፎ ስምንት ሳምንት ገደማ ምንም ሳይበላ ይቆያል። ስለዚህ ስቡን አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ለሰጎን ወንድ የምንከለክለውን ውፍረት ለኢሙ ወንድ እንፈልገዋለን።

ሁለተኛው፦ የተረፈ እንጀራና ድርቆሽ ይሰጣል ወይ? ጨውና በርበሬ ያለበት፣ ወጥ የነካው፣ እርጥብ ሆኖ ያደረ አይሰጥም፤ ቶሎ ይሻግታልና። ምንም ያልነካውና በደንብ ደርቆ የደቀቀ ድርቆሽ ከስድስት ወር በላይ ለሆኑት የእህሉን ጥቂት ክፍል ሊተካ ይችላል፤ ከቅይጡ ከአሥር ከመቶ ባታሳልፉት ይሻላል። ለጫጩት አትስጡ። አገር ቤት ሆነው ለመጀመር የሚያስቡ ደግሞ ሰጎን በሕግ የዱር እንስሳ ስለሆነች፣ እንቁላል ከመሰብሰብም ወፍ ከመያዝም በፊት ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ መኖው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።